የተበላችው «አል»

አባትህን ከሞተ በኋላ ማተሚያ ቤት ወስደው ሃይማኖቱን ቢያስለውጡት ታጨበጭባለህ? ደሴ ላይ፣ አንድ አዳራሽ ሙሉ ሰው አጨበጨበ።

ሐዋ ያን ጊዜ ፊት ረድፍ ላይ ነበረች። ኮምቦልቻ የታሪክ መምህርት ናት፤ የሚመረቀው መጽሐፍም ለኅትመት ያዋሰችው የአባቷ የሼህ ጀላል ደብተር ነው። ሼህ ጀላልና ስማቸው የሚባሉ መሪጌታ ሐርቡ ውስጥ፣ ከአንድ ልብስ ሰፊ በረንዳ ተቀምጠው፣ አሥራ አንድ ዓመት በየገበያው ቀን ስለ ሃይማኖት ተሟግተዋል። ሼሁ ሙግቱን ሁሉ ይጽፉና በመጨረሻ «አልተስማማንም» ብለው ይዘጉታል። ከዚያ ሁለቱ ተደጋግፈው ወደ ቤታቸው ያዘግማሉ።

ሐዋ የታተመውን ገለጠች። «ኢሳ የአላህ ልጅ ነው በሚለው ተስማማን።» ደግማ ገለጠች። «ነቢዩ ሙሐመድ የአላህ መልእክተኛ ናቸው በሚለው ተስማማን።» ከፊት «አል»፣ ከኋላ «ም» ተቆርጠው፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ተስማማን፣ ተስማማን፣ ተስማማን!

አጠገቧ ላሉት፣ ዓይናቸው ለፈዘዘው መሪጌታ በጆሯቸው አነበበችላቸው።

«እኔና ጀላል ተስማማን? መቼ?»

«አባቴ ከሞተ በኋላ ነዋ፣ መሪጌታ።»

«ያ ግትር ሞቶም አይስማማ! እኔስ ማዕተቤን በጥሻለሁ እንዴ?»

ሐዋ የተመለሰላትን ደብተር ይዛ ተነሣች። አዘጋጁ አቶ ወንድምአገኘሁ መድረክ ላይ ሆኖ ስለ መቻቻል ይሰብካል።

«አቶ ወንድምአገኘሁ፣ ‹አል›ን የት አደረሷት?»

«ምን አሉ?»

«አባቴ ‹አልተስማማንም› ብሎ ነው የጻፈው። ደብተሩ ይኸው!»

ፈገግ አለ። «ወይዘሮ ሐዋ፣ ለሰላም ሲባል አንዳንድ ቃል አለሳልሰናል። ወሎ እኮ የፍቅር አገር ነው።»

አንቱታው ከአፏ ረገፈ።

«ለሰላም ብለህ አባቴን ካፊር ታደርገዋለህ? ወላሂ፣ ብትሰድበው ይሻለኝ ነበር! አባቴ አልጋ ሲይዝ ያስታመሙት እኚሁ ያልተስማሙት መሪጌታ ናቸው። አንተ ግን ሁለት ሰው ሳይስማማ መዋደዱን ማየት ያስፈራሃል!»

«በዪው!» መሪጌታ ወለሉን በከዘራ መቱት።

«በሻይ ሰዓት ብንነጋገር...» አለ ወንድምአገኘሁ፣ ማይኩን እያወረደ።

«ሻይህን ራስህ ጠጣው! ያከፈርከው በአደባባይ ነው፣ መልሱንም በአደባባይ ስጥ። ማይኩን አንሣ፣ ይህ ሁሉ ሰው እየሰማ ተናገር፤ ሼህ ጀላል በየትኛው ቀን ተስማማ? መልስ!»