በሦስት ሚስማር ላይ የተኛ መስታወት

መምህር ደርበው የቴሌስኮፑን ቱቦ ወደ አሸተን ተራራ ዝቅ አድርጎ ሲያይ የዛፎቹ ቅርንጫፍ አንድ በአንድ ተለይቶ ታየው። ቀና አድርጎ በማለዳው ሰማይ ላይ የቀረችውን ጨረቃ ሲያይ ግን ጠርዟ ተድበስብሶ ሦስት ቦታ ላይ ተጎትቷል። ደገመው። ያው ነው። መስታወቱን የፋቀው ሞላ አበላሽቶት ቢሆን ኖሮ ተራራውም አይጠራም ነበር። ጥፋቱ የመደገፊያው ነው፤ መደገፊያውን የሠራው ደግሞ ደርበው ራሱ ነው።

ቱቦው ሲቆም መስታወቱ በጀርባው ይተኛል። ሰፊና ስስ ስለሆነ ደርበው ባሳረፈበት ሦስት ሚስማሮች መካከል በገዛ ክብደቱ ይረግባል። ዓይን አያየውም፤ ኮከብ ለማበላሸት ግን ይበቃል። የቴሌስኮፕ አሠራር የሚያስተምረው መጽሐፍ ዘጠኝ ድጋፍ ያስፈልገዋል ይል ነበር። ደርበው አንብቦታል፤ የአብዮት በዓል ሲደርስበት ግን “በሦስትም ይሆናል” ብሎ አለፈው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እሱ ግን ያፈሰሰውን ሌላ ሰው እንዲለቅምለት አደረገ።

ትናንት ማታ በበዓሉ ላይ ከአውራጃ የመጡት እንግዳ አጎንብሰው አይተው “ኮከብ ሦስት ቀንድ አለው እንዴ?” ብለው ሳቁ። ሕዝቡም አብሮ ሳቀ። ደርበው ደነገጠና “ሞላ ሲፍቀው አበላሽቶት ነው” አለ። እንግዳው ሳቃቸውን አቆሙ።

“ታዲያ ይህ አሻጥር አይደለም?”

በዚያ ዘመን በአሻጥር የተጠረጠረ ሰው ቤቱ ለማደሩ እርግጠኛ አይሆንም። ሞላ ዛሬ ሦስት ሰዓት ላይ ቀበሌ እንዲቀርብ፣ ደርበውም እንዲመሰክርበት ታዘዘ።

“እንደምን አደሩ፣ መምህር?”

ሞላ በር ላይ ቆሟል። ከድንጋይ መስቀል እየቀረጸ የሚኖር፣ ያን መስታወት አራት ወር ሙሉ በአሸዋ ሲፍቅ የጣቶቹ ጫፍ የተላጠ ሰው ነው። የክት ጋቢውን ለብሷል። ደርበው መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

“ይግቡ፣ ጋሽ ሞላ።”

“አልገባም። የቱ ጋ ነው እጄ የሳተው? ያሳዩኝና አውቄው ይቅርታ ልበል። ሳላውቅ አጠፋሁ ብል ውሸት ይሆንብኛል።”

ደርበው ሊዋሽ አፉን ከፈተና ተወው። ቱቦውን አጋድሞ የኋላውን ክዳን ፈታና አሳየው።

“በነዚህ ሦስት ሚስማሮች ላይ ነው ያሳረፍኩት።”

“ይህን የሚያህል መስታወት?” ሞላ ጎንበስ አለ። “ሞፈር እንኳ በቀንበሩ መሀል ነው የሚታሰር። ቀንበሩ ወዲያ ወዲህ እያለ ሸክሙን ለሁለቱ በሬ ያካፍላል። በየሚስማሩ ራስ ላይ እንደዚያ የሚወዛወዝ ሦስት ጫፍ ያለው እንጨት ቢያኖሩበት፣ አንዱ ሚስማር ሦስት ቦታ ይደግፍ አልነበር?”

“ዘጠኝ ይሆናል” አለ ደርበው ዝቅ ባለ ድምፅ። “መጽሐፉም እንዲሁ ይላል።”

“አንብበውት ነበር?”

“አንብቤው ነበር።”

ሞላ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻል ነበር። ጋቢውን አጣፋና “እንግዲህ ሰዓቱ ደርሷል” ብሎ ቀድሞ ወጣ።

ደርበው ከኋላው እየተከተለ ሰበብ ይፈልግ ጀመር። እንጨቱ በክረምቱ ዝናብ አብጦ ነው ቢልስ? መስታወቱ ድሮም ጉድለት ነበረው ቢልስ? እውነቱን ከተናገረ አሻጥረኛው እሱ ነው፤ ሥራውም ይሄዳል፣ ምናልባትም ይታሰራል። ከፊቱ የሚሄደው ሰው ግን አንዴም ዞሮ “ምን ሊሉ ነው?” አላለውም። ደርበው በራሱ አፈረ፤ በፈለገው ሰበብ ደግሞ የባሰ አፈረ።

ሞላ በቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ለተከሳሽ በተዘጋጀው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ደርበው መጥቶ ከአጠገቡ ቆመ።

“መምህር፣ የምስክር ወንበር በዚህ በኩል ነው” አለ ሊቀመንበሩ የሻው።

“አይ፣ ጓድ ሊቀመንበር” አለ ደርበው። “ቦታዬ እዚህ ነው።”

ሞላ ቀና ብሎ አየው። ከዚያ ጋቢውን ሰብስቦ ጠጋ አለለት።