የኸይረዲን መኪና

ዮፍታሔ የሽቦዋን መኪና ሊወስድ የመጣ ዕለት ከቁም ሳጥኑ አናት አውርደው የሰጡት ራሳቸው እትዬ ጀነት ናቸው። ጌጃ ሰፈር ያለው ቤታቸው ፈርሶ ልደታ ኮንዶሚኒየም ሲገቡ ብዙ ዕቃ ጥለው መጥተዋል፤ መኪናዋን ግን ልጃቸው ነስሪን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ነው ያመጣቻት።

የሠራት ታናሽ ወንድሟ ኸይረዲን ነው፤ ታሞ በተኛበት ክረምት። ጎማዎቿ ቆርኪ፣ በሮቿ ከብስኩት ቆርቆሮ የተቆረጡ ናቸው። አልጋው ላይ ተቀምጦ ሽቦ ሲጠመዝዝ ይውልና ጣቱን ሲወጋው ይስቃል። መስቀል ሳይደርስ ሞተ።

ዮፍታሔ የጎረቤት ልጅና የኸይረዲን እኩያ ነበር። ከዚያ ወዲያ እትዬ ጀነት እንደ ልጃቸው ያዙት። ለኢድ ሥጋ ያልገባበት ምግብ ለብቻው ይሠሩለታል፤ ካልመጣም ማዕድ አይቀርብም ነበር።

አድጎ ፎቶ አንሺ ሆነ። መጀመሪያ ሠርግ ያነሳ ነበር፤ በኋላ የልጅነት ዕቃ መሰብሰብ ጀመረ፦ ብይ፣ የካልሲ ኳስ፣ የጨርቅ አሻንጉሊት። እያንዳንዱን ነጭ ጨርቅ ላይ አስቀምጦ እንደ ሰው ያነሳዋል።

“የሰፈሩ ሰው ተበትኗል፤ እትዬ፣ ዕቃው እንኳ ይቅርልን” አላቸው። “ከሥሩ የኸይረዲንን ስም እጽፋለሁ።”

“ስሙ ከተጻፈማ ውሰዳት፣ ልጄ።”

ኤግዚቢሽኑ እዚያው ልደታ፣ አዲስ ሕንፃ ሥር ባለ አዳራሽ ተከፈተ። እትዬ ጀነት ለሠርግ ብቻ የሚያወጡትን ሻሽ አስረው ከነስሪን ጋር ሄዱ። መኪናዋ መሀል ላይ፣ መስታወት ሣጥን ውስጥ ነበረች። ከበላይዋ ግድግዳውን የሞላ ፎቶዋ ተሰቅሏል። በእውነት ያምር ነበር።

“ምን ይላል ጽሑፉ?” አሉ እትዬ ጀነት።

ነስሪን ጎንበስ ብላ አነበበች። “የእኔ መኪና። ዮፍታሔ” ይላል። ተሳስተው መሆን አለበት ብላ ለእናቷ አላነበበችላቸውም። ያን ጊዜ ዮፍታሔ ማይክ ይዞ መናገር ጀመረ።

“ልጅ ሆኜ አንድ ክረምት ሙሉ አልጋ ላይ ዋልኩ። ሁሉም ሰው ‘አይተርፍም’ ብሎኝ ነበር። እናቴ እንዳልሰማት ጎረቤት ሄዳ ታለቅስ ነበር። ይቺን መኪና የሠራኋት ያኔ ነው። ሽቦው ጣቴን ሲወጋኝ ‘አለሁ ማለት ነው’ እል ነበር። ሠርቼ ጨረስኳት፤ ከዚያ ዳንኩ።”

ሰው አጨበጨበ። አንዲት ሴት እንባዋን ጠረገች።

ነስሪን ወደ እናቷ ዞረች። ጎረቤት ሄደው የሚያለቅሱት የእሷ እናት ነበሩ። የሚያለቅሱትም እነዮፍታሔ ቤት ነው፤ እሱ ጥግ ላይ የቤት ሥራውን እየሠራ።

እትዬ ጀነት ሰዉን አልፈው ፊቱ ቆሙ።

“ዮፍታሔ፣ አንተ መቼ ታመህ ታውቃለህ?”

ማይኩን ዝቅ አደረገ። “እትዬ... በኋላ እናወራለን።”

“ያኔ አንተ ውጭ ኳስ ትጫወት ነበር። በመስኮት ‘ና ውጣ’ እያልክ ስትጠራው እኔ ነኝ የማባርርህ።”

“የሁላችንም ልጅነት ነው እኮ” አለ ዮፍታሔ ቀስ ብሎ። “እኔ የሁላችንንም ነው የተናገርኩት።”

“እሱስ? እሱን የት አደረግኸው?”

ነስሪን የመስታወቱን ክዳን አነሳች። የአዳራሹ ሠራተኛ “አይነካም!” ብሎ ሲመጣ፣ “የወንድሜ ናት” አለችው። ሰውየው ወደ ዮፍታሔ ዞረ። ዮፍታሔ መሬት መሬት እያየ፣ “ተዋት፣ ትውሰድ” አለ።

መኪናዋን ይዘው እስከ ብሎካቸው በእግር ተመለሱ። እትዬ ጀነት ደረጃው ላይ አረፍ አሉ።

“ሌላ ምንም ቢዋሽ አልፈው ነበር” አሉ። “ግን ‘ዳንኩ’ ሲል ለአንድ አፍታ ልቤ ደስ አለው እኮ፣ ነስሪን። የእኔ ልጅ የዳነ መስሎኝ። እንዴት እንዲህ ያደርገኛል?”

ነስሪን አጠገባቸው ተቀመጠች።

እሑድ ጠዋት በር ተንኳኳ። ዮፍታሔ ነበር። ፊቱ ገርጥቷል፤ በእጁ በትልቅ ፊደል የታተመ ወረቀት ይዟል።

“ስሙን አስተካክያለሁ” አላት። “ይኸው፤ ‘ኸይረዲን’ ይላል። ለእትዬ ላሳያቸው።”

“ቀድሞስ ስሙ ጠፍቶህ ነው?”

“ነስሪን... ሰው ሁሉ የእኔን ታሪክ ነበር የሚጠይቀኝ። የእኔ ደግሞ ባዶ ነበር። እናንተ ቤት ነው ያደግኩት፤ ታሪካችሁ የእኔም መሰለኝ።”

ፊቱን አየችው። ልታምነው ፈለገች፤ ክፋቱም ይኸው ነበር።

“ማነው?” አሉ እትዬ ጀነት ከውስጥ።

ዮፍታሔ ስሙን እንድትጠራለት ዓይን ዓይኗን ያያት ጀመር።

“በር ተሳስተው ነው፣ እማዬ” አለችና ዘጋችው።

ቶሎ አልሄደም። ነስሪን መዝጊያውን በመዳፏ ደግፋ ቆመች፤ በሌላ እጇ አፏን ይዛ፣ ስታለቅስ እናቷ እንዳይሰሟት።