ሩብ ሰዓት በክፍት ባሕር

የሳተላይት ስልኩ ሲጮህ ጠበቃዋ ገና ቦርሳዋን ጠረጴዛው ላይ ማሳረፏ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ልቧ ተንጠልጥሎ የጠበቀችው ጥሪ ነው።

"ጠበቃዬ፣ እኔ ነኝ" አሉ የእርዳታ መርከቧ ካፒቴን። ድምፃቸው እንደወትሮው እርጋታ አልተለየውም፤ ከኋላቸው ግን ሰው ይጯጯሃል። "የጦር መርከብ ከፊታችን ተደቅኗል። ሞተር አጥፉ፣ ልንወጣባችሁ ነው እያሉ ነው። ሩብ ሰዓት ሰጥተውናል፤ አንቺን እስክናገኝ ግማሹ አልፏል።"

"የት ናችሁ?"

"ክፍት ባሕር ላይ። ከማንም አገር ክልል ውጭ። ወደቡ ለመድረስ ስድስት ሰዓት ይቀረናል።"

መርከቧ የጫነችው ኢንሱሊን፣ የቁስል ማሸጊያና የሕፃናት ወተት ነው፤ የምትሄደውም ስምንት ወር ወደቧ ተዘግቶ ወደቆየ ከተማ። የጭነቱን ዝርዝር ለሚመለከታቸው መንግሥታት ሁሉ አስቀድማ የላከችው ራሷ ጠበቃዋ ናት። ከተሳፈሩት አሥራ አራት ሰዎች አንዷ፣ ነርሷ፣ ታላቅ እህቷ ነች።

እህቷ ልትሄድ ስትል በር ላይ ቆማ "ዳኛዬ፣ ለመሆኑ ሕጉ ምን ይለናል?" ብላት ነበር። ጠበቃዋ ልጅ ሳለች በጨዋታው ሁሉ እኔ ካልፈረድኩ ስለምትል የወጣላት ስም ነው። እሷም አፏን ሞልታ "መድኃኒት የጫነ የሲቪል መርከብ ማን ይነካል?" ብላ መለሰችላት።

"እገዳ አለ ይላሉ" አሉ ካፒቴኑ።

"እገዳ ቢኖርም ለተራበና ለታመመ ሕዝብ የሚሄድ እርዳታ ማለፍ አለበት። መፈተሽ ይችላሉ፤ መከልከል ግን አይችሉም።"

"እሱስ ገብቶኛል፣ ልጄ። እኔ የምጠይቅሽ ልቁም ወይስ ልሂድ ነው።"

"ካፒቴን፣ እህቴ እዚያ እንዳለች ያውቃሉ። የእኔን ምክር ብቻ አይስሙ።"

"ከጎኔ ናት። የምግብ አብሳያችንን የፈላ ውሃ አቃጥሎት እጁን እየጠቀለለችለት ነው።"

ከሩቅ የእህቷ ድምፅ መጣ። "እንሂድ በያቸው! ደርሰን እኮ ነው!"

"ቢተኩሱስ?" አለች ጠበቃዋ፤ ማንን እንደጠየቀች ለራሷም አልታወቃትም። ሲቪል ላይ መተኮስ ወንጀል መሆኑን ጠንቅቃ ታውቃለች። ወንጀል የሚባለው ግን ሰው ከሞተ በኋላ ነው።

ሰዓቷን አየች። አራት ደቂቃ ቀርቷል።

"ሞተሩን ያጥፉ። ግን ፈቅደናል እንዳይሉ። በሬዲዮ ይናገሩ፣ ይቀረጽ፤ ሲቪሎች ነን፣ መሣሪያ የለንም፣ ጭነታችን ለፍተሻ ክፍት ነው፣ የቆምነው ተገደን ነው ይበሉ። ሁላችሁም እጃችሁ እንዲታይ ሆናችሁ ቁሙ።"

"እሺ" አሉ ካፒቴኑ። ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ።

ጠበቃዋ መርከቧ ባንዲራውን ወደምታውለበልበው አገር የባሕር ጉዳይ መሥሪያ ቤት ደወለች። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው አሏት። እንደገና ደወለች፤ አሁንም ስብሰባ። በአምስተኛው "እንግዲያው ስብሰባው ውስጥ ገብታችሁ፣ በባንዲራችሁ ሥር አሥራ አራት ሰው እየተያዘ ነው በሏቸው!" ብላ ጮኸች። ቀና ስትል እናቷ በሩ ላይ ቆማለች።

"ስልክ አላነሳ ስትዪኝ መጣሁ። እውነቱን ንገሪኝ።"

"ቆመዋል፣ እማዬ። ቆመዋል ብቻ ነው።"

"ባሕር ላይ መቆም ምን ማለት ነው?"

እናቷ ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ የሁለቱም ዓይን ስልኩ ላይ ተተክሎ ቀረ። ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ ነበር ወሬው የደረሰው፤ ወታደሮቹ ወጥተውባቸዋል፣ የተጎዳ የለም፣ መርከቧን ግን ወደራሳቸው ወደብ እየጎተቱ ነው። እናቷ "ተመስገን" ብላ እንባዋን ለቀቀችው።

በዘጠነኛው ቀን ሁሉም ተለቀቁ። ጭነቱ ግን ከብዙ ደብዳቤና አቤቱታ በኋላ በአርባኛው ቀን ከተማዋ ደረሰ፤ ወተቱና ማሸጊያው ደህና ነው፣ ኢንሱሊኑ ማቀዝቀዣው ጠፍቶበት ተበላሽቷል።

ነርሷ ይህን ስትሰማ "ስድስት ሰዓት ነበር የቀረን" አለች እህቷን ትኩር ብላ እያየች።

"ዛሬም ብትጠይቂኝ ያንኑ ነው የምልሽ።"

ለሦስት ሳምንት በቅጡ አልተነጋገሩም። እናታቸው አንዷን ስታባብል ሌላዋ ታኮርፋለች። ኋላ ጠበቃዋ በመርከቧ መያዝና በተበላሸው መድኃኒት ክስ ስታዘጋጅ፣ ሳትጠራት እህቷ መጥታ ቃሌን ልስጥ አለች። ጠበቃዋ ብዕር አነሳች።

"መርከቧን ማን አስቆማት?"

ነርሷ ቀና ብላ እህቷን አየቻት።

"መድፍ የደገኑብን ናቸው" አለች። "እንደሱ ብለሽ ጻፊ።"