ሽቦ የሌለው ጥርስ

ሰፈሩ «እማማ ሠላሳ ሁለት» ይላቸዋል። ስሙን ያመጡት ራሳቸው ናቸው፤ ሰው ባገኙ ቁጥር ከንፈራቸውን ገለጥ አድርገው፣ «ሠላሳ ሁለቱም የራሴ! አንድም አልጎደለ!» ስለሚሉ። ምራታቸው አንድ ጥርሷ ጠቁሮባታልና በእጇ ሸፍና ነው የምትስቀው። እሳቸው ታዲያ አይምሯትም። «ሳትቦርሺ እየተኛሽ አፍሽ የፈረሰ አጥር መሰለ እኮ!» ይሏታል። 

ነገሩ ውሸት ነበር። ሁለቱ የፊት ጥርሶች ከወለቁ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። ይህን የሚያውቀው ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ያለ አንድ ጥርስ ሠሪ ብቻ ነው።

ሰውዬው ወሬ ይወድ ነበር። አፋቸውን ሊጥ በመሰለ ነገር ሞልቶ ልኩን ሲወስድ፣ መመለስ እንደማይችሉ እያወቀ ወሬውን ለቀቀው። ድሮ ጥርስ ከአጥንት ይፈለፈል ነበር፣ ቀጥሎ ጎማ መጣ፣ አሁን ፕላስቲክ ነው፣ አቅም ያለው ደግሞ መንጋጋው ላይ በብሎን ያስተክላል አላቸው። ሊጡ እንደወጣ የመጀመሪያ ቃላቸው፣ «በብሎን? እኔ በር ነኝ?» ሆነ።

ፕላስቲኩን መረጡ። የተጣሉት ሽቦው ላይ ነው።

«እናቴ፣ ከጎን ጥርስዎ ጋር የሚይዘው ትንሽ ሽቦ ግድ ነው።»

«ስስቅ ብልጭ ሊል? አልፈልግም!»

«ያለ ሽቦ ይላላል። ተኝተው ቢውጡት ደግሞ ራጅ ላይ አይታይም። ራጅ የሚያሳየው ሽቦውን እንጂ ፕላስቲኩን አይደለም።»

«የማሠራው ላኝክበት ነው፤ ልውጠው አይደለም። ሽቦህን ለአጥርህ አድርገው!»

እምቢ ያለችን አሮጊት ማን ይችላታል፤ ያለ ሽቦ ሠራላቸው።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ምራታቸው ልብስ ስፌት ቤት ስትሄድ ጠብቀው ጓዳ ይገባሉ። ቢወድቅ እንዳይሰበር ከሥሩ ውሃ የሞላ ሳህን አስቀምጠው፣ በለስላሳ ብሩሽና በሳሙና ያጥቡታል። ማታ አውልቀው መተኛት ነበረባቸው። ሰው ያየኛል ብለው አያወልቁትም፤ ድዳቸው ቢቆስልም ቻሉት።

አንድ ቀን አጥበው ሳይጨርሱ በሩ ተንኳኳ። የመብራት ቆጣሪ አንባቢው ነው። ጥርሱን በሶፍት ጠቅልለው ትራስ ሥር ወሸቅ አደረጉና አፋቸውን በሻርፕ ሸፍነው ወጡ። ሲመለሱ፣ ሁለት ዓመት ያልሞላት የልጅ ልጃቸው አልጋው ላይ ቁጭ ብላለች። ሶፍቱ ተቦጫጭቋል። ጥርሱ የለም።

«ሚጢጢ፣ አፍሽን ክፈቺ። ክፈቺ የኔ ቆንጆ!»

ጣታቸውን ከተቱ፤ ባዶ ነው። ልጅቷ ትን አላትና አለቀሰች። ለሃጭ በአገጯ ይወርዳል፤ ስትተነፍስ ሲር ሲር ይላል። አንሶላውን ገለበጡ፣ ፍራሹን አነሱ፣ ተንበርክከው ወለሉን ዳሰሱ። የለም። 

ምራታቸው ለምሳ መጥታ ወተት ብትሰጣት ልጅቷ መልሳ ተፋችው።

«እማማ፣ ልጄ ምን ሆነች?»

«እኔ እንጃ። የሆነ ነገር አንስታ የዋጠች መሰለኝ።»

«ምን ነገር?»

«አላየሁም አልኩሽ!»

«አፍዎንስ ምን ሆኑ?»

«ብርድ መትቶኝ ነው። እኔን ተይና ልጅሽን ያዢ!»

ሐኪም ቤት እስኪደርሱ ያንን የልጅቷን ሲርታ ሲያዳምጡ ሄዱ። በቆመ ቁጥር የእሳቸውም ትንፋሽ ያቆማል። «ራጁ ይናገርልኛል» አሉ በልባቸው። ፎቶው ጥርሱን ያሳያል፣ ሐኪሙ ያወጣዋል፣ የማን ነው ብሎ የሚጠይቅ አይኖርም። እንዲህ ብለው ተጽናኑ፤ የጥርስ ሠሪው ቃል ከአእምሯቸው ጠፍቶ።

ሐኪሙ ፎቶውን መብራት ላይ ሰቀለው።

«ጉሮሮዋም ሆዷም ንጹህ ነው። ጉንፋን ይሆናል። ሽሮፕ ስጧት፤ ከባሰባት ትመልሷታላችሁ።»

«ተመስገን!» አለች እናት፤ እንባዋ መጣ።

እሳቸው ግን ፎቶው ላይ እንዳፈጠጡ ቀሩ። ነጫጭ የጎድን አጥንቶች፣ መሃሉ ጥቁር። ራጅ የሚያሳየው ሽቦውን ነው። የጥርስ ሠሪው ቃል ያኔ ትዝ አላቸው።

ምራታቸው ልጇን ታቅፋ ኮሪደሩን ተያያዘችው። ግራና ቀኙ ወረፋ ጠባቂ ነው፤ ግማሹ የሰፈር ሰው። «እማማ ሠላሳ ሁለት፣ ደኅና ነዎት?» አለች አንዷ። አልፈዋት ሄዱ። ብናገር የሰፈር መሳቂያ ሆንኩ፤ ነገ ልናገርስ? ማታ ቢብስባትስ? የልጅቷ ጭንቅላት በእናቷ ትከሻ ላይ ተንጋሎ አፏ ተከፍቷል። ከንፈሯ ዙሪያ ሰማያዊ ሆኗል። ሲርታው ቀጠነ፣ ቀጠነ፣ ተቋረጠ፣ እንደገና ቀጠለ።

«ቁሚ!» ብለው ጮኹ።

የምራታቸውን ክንድ ይዘው ወደ ሐኪሙ ክፍል መልሰው ጎተቷት። በሩን ሳያንኳኩ ገቡና ሻርፑን ከፊታቸው ገፈፉት።

«የዋጠችው የኔን ጥርስ ነው። እየው!» ቃሉ በክፍተቱ ሾልኮ ፉጨት ሆነ። «ፕላስቲክ ነው፣ ሽቦ የለውም። ፎቶህ ላይ አይወጣም። ሽቦውን እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። አውጣላት ልጄ፣ ቶሎ በል!»

ሐኪሙ ልጅቷን ነጥቆ ሮጠ። በሩ ተዘጋ።

አግዳሚው ላይ ሁለቱ ተቀመጡ። ከበሩ ወዲያ ድምፅ የለም። ልጅ ዝም ሲል እንዲህ እንደሚያስፈራ እስከዚያ ቀን አያውቁም ነበር።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለች ምራታቸው፣ በሩን እያየች።

«አራት ዓመት።»

«አራት ዓመት ሙሉ የኔን አፍ ሲሰድቡ?»

«አዎ።»

 

ድንገት ለቅሶ ተሰማ፤ የሻከረ፣ ግን ሙሉ ለቅሶ። እናትየው ብድግ አለች። ነርሷ የብረት ሳህን ይዛ ወጣችና ወረፋውን ሁሉ በዓይኗ ዞረች።

«ወጥቷል። ዛሬ እዚሁ ታድራለች። ይሄ የማን ነው?»

ኮሪደሩ ሁሉ ሳህኑን አየ፤ ሮዝ ድድ ላይ የተተከሉ ሁለት ጥርሶች።

«የኔ ነው» አሉና ሻርፑን አግዳሚው ላይ ትተው ተነሡ።

ሳህኑን ሲቀበሉ ጥርሶቹ ብረቱ ላይ ቀጭ ቀጭ አሉ። ምራታቸው እጇን ከሥር ሰደደችና ሳህኑን ደገፈችው።

«ቀስ ይበሉ፣ ይሰበራል» አለች። ፊታቸውን ግን አላየችም።