እሺ ያለው አባት

ስብሐት አንድያ ልጁን ሊድር ነው ሲባል፣ ሽሮ ሜዳ ውስጥ ወሬውን ሰምቶ ያልሳቀ ሰው የለም። «ጉልላት? ልጁን? ኧረ ሙሽራውን ማርያም ትጠብቀው!» አሉ። ልብ በሉ፣ የሰውየው ስም ስብሐት ነው። ግን ከእህቱ ከማሚቴ በቀር በስሙ የሚጠራው ማን አለ? ያ እሑድ እሑድ ማታ ሰዉን ሁሉ ቴሌቪዥን ፊት ይደረድር የነበረ ድራማ ካበቃ ዓመታት አልፈዋል፤ እሱ የተወነው አቶ ጉልላት የሚባል ክፉ ባለጸጋ ግን ከስብሐት ላይ አልወርድ ብሏል። ታክሲ ሲሳፈር ወያላው «ቦርሳችሁን ያዙ፣ ጉልላት ገብቷል!» ይላል፣ ተሳፋሪው ይስቃል፣ ስብሐትም አብሮ ይስቃል። ምን ያድርግ? አንዴማ እንጦጦ ማርያም ሊሳለም ወጥቶ አንዲት እናት አማትበው ከጎኑ ተነሥተው ሄደዋል። በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ ነጠላውን አጣፍቶ ለቆመ ሰው! ያን ቀን ሆድ ብሶት ቁልቁል በእግሩ ነው የወረደው።

ጥፋቱ፣ ጥፋት ካሉት፣ ሥራውን ማወቁ ነው። ሌሎቹ ክፉ ሰው ሲተውኑ ዓይናቸውን ያጉረጠርጣሉ፣ ጠረጴዛ ይደበድባሉ፣ ይጮኻሉ። ስብሐት ወጣት ሳለ ጩኸት አልሆነለትም፤ መድረክ ላይ ሲጮህ ሰው ይስቅበት ነበር። አዘጋጁ ሊያባርረው ሲል ነው፣ አንድ ቀን የሞተች እናቱን አሰበና ድምፁን ዝቅ ያደረገው። አብሮት የሚጫወተውን ተዋናይ እጅ በሁለት እጁ ያዘ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ «ልጄ» አለ። አዳራሹ በድንጋጤ ጸጥ አለ። በቃ፣ ከዚያ ወዲያ እንጀራው ይኸው ሆነ። ጉልላት ያለቀሰለት ሰው በሚቀጥለው ሳምንት ወይ ታስሯል ወይ ቤቱ ተቃጥሏል። ተመልካቹም እንባውን ሲያይ «አለቀለት!» ብሎ ከመቀመጫው ይነሣል። አይ ስብሐት! ደግ ሰው የሚያዝንበትን፣ የሚያባብልበትን፣ የሚያለቅስበትን ነገር ሁሉ ለክፋት ሲያውለው ኖሮ ለራሱ ምንም አላስቀረም። የደግ አባት ቦታ ስጡኝ ብሎ ሲለምን አዘጋጆቹ ይስቁበት ነበር። «ጋሼ፣ እርስዎን ደግ ብናደርግ ማን ያምነናል?» አሁን ደግሞ ክፋቱንም ለወጣቶች ሰጥተውት ቤት ውሏል።

የቀረችው ቤዛዊት ናት። እናቷ መሠረት ካረፈች ወዲህ አባትና ልጅ ብቻቸውን ናቸው። ፋርማሲ ትሠራለች፤ ጨዋ፣ ቁጥብ፣ ዕድሜዋ ወደ አርባ እየተጠጋ ያለ ሴት። ከዚህ በፊት አንዱ ጠይቋት ቤተሰቦቹ «የጉልላትን ልጅ?» ብለው እየቀለዱ፣ እየቀለዱ አስቀሩት። ቀልድ ነው፤ ግን ሰውየው ሌላ አገባ። አሁን ዊንጌት ተወልዶ ያደገ ኖህ የሚባል ኤሌክትሪሻን ወደዳት፤ እሷም ወደደችው። ኖህ ጥሩ ሰው ነው። እናቱ ወይዘሮ ደሳለች ብቻቸውን ነው ያሳደጉት፤ እሳቸው እምቢ ያሉትን ነገር ግን አያደርግም። ቤዛዊትም ሽማግሌ ሊመጣ መሆኑን ለአባቷ ስትነግር ትከሻውን ይዛ «አባዬ፣ ይሄ ካመለጠኝ ሌላ የለም። እባክህ፣ ለእኔ ስትል ደህና ሰው ምሰልላቸው» አለችው። መምሰል! ቃሉ አንጀቱን ቆረጠው፤ እሷ ግን ልብ አላለችውም።

ማሚቴ ወጉን ልታስጠናው ቀድማ መጣች። «ስማ፣ በመጀመሪያው ቀን ልጅ አይሰጥም። ኮስተር በል። ዘመድ እናማክር፣ ተመለሱ በላቸው። ቢሞቱ እሺ እንዳትል።»

«ኮስተር ካልኩማ ጉልላት ነው ይሉኛል።»

«ይበሉሃ! የሴት አባት መኮሳተሩ ክብሯ ነው። ይመላለሱላት እንጂ!»

ሌሊቱን ሲገላበጥ አደረ። መስታወት ፊት ቆሞ ኮስተር ብሎ ሞከረው፤ ጉልላት ወጣ። ፈገግ አለ፤ የባሰው ጉልላት ወጣ። እንግዲህ ፊቴን ምን ላድርገው አለና በመጨረሻ አንድ ነገር ቆረጠ። ያለውን፣ በሆዱ ያለውን ብቻ ይናገራል። ትወና የለም፣ ወግም የለም።

ሽማግሌዎቹ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስት ሆነው መጡ። የሚመሩት አቶ ቤዛብሕ ናቸው፤ የወይዘሮ ደሳለች የእድር ዳኛ፣ ሸበቶ፣ ቃላቸውን መዝነው የሚናገሩ ሰው። ተቀመጡ ሲባሉ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ብለው እንደ ወጉ ቆሙ። ከዚያ ስለ ኖህ አመል፣ ስለ እናቱ ድካም፣ ስለ ሁለቱ መዋደድ እያስረዘሙ ተናገሩ። ስብሐት እየሰማ ሆዱ ባባ። መሠረት ይህን ሳታይ መሞቷ ትዝ አለው። ቤዛዊት ጓዳ በር ሥር ቆማ እንደምትሰማ ያውቃል። ተነሣ፤ የአቶ ቤዛብሕን እጅ በሁለት እጁ ያዘ። ድምፁ ዝቅ አለ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ልጆቼ ናቸው» አለ። «ሰጥቻችኋለሁ። ቀጠሮ ምን ይሠራል? ዛሬውኑ ሰጥቻችኋለሁ።»

ማሚቴ በነጠላዋ አፏን ያዘች። ከሦስቱ የሚያንሰው ሽማግሌ ሳቁ ሊያመልጠው ሲል በሳል ሸፈነው። አቶ ቤዛብሕ ቀስ ብለው እጃቸውን አስለቀቁ።

«አቶ ስብሐት፣ እኛ የመጣነው ለቁም ነገር ነው።»

«እኔም የምናገረው ቁም ነገሬን ነው!»

«ዘመድ አያማክሩም?»

«ምን ማማከር ያስፈልጋል? ልጄ ወዳዋለች፣ እኔ ደስ ብሎኛል!» አለና እንባው ወረደ። እንባው መውረዱ የባሰ ሆነ። ሰዎቹ ተያዩ፤ ለወጉ ያህል ቁጭ ብለው አንድ አንድ ጉርሻ ቀመሱና ተነሡ። በር ላይ ስብሐት ሊስማቸው ሲጠጋ አቶ ቤዛብሕ ኮታቸውን ለበሱ።

«ጉድ ሠራኸን!» አለች ማሚቴ፣ እግራቸው ገና ከግቢው ሳይወጣ። «ልጅ እንዲህ እንደ ተጣለ ዕቃ ውሰዱልኝ ይባላል? ምን ነውር አለባት ቢሉስ?»

እሷ እንዳለችው ሆነ። ማክሰኞ ኖህ ለቤዛዊት ደወለላት። «እማዬ ቅር ብሏታል። በአንድ ቃል የምትሰጥ ልጅ ምን ቢኖርባት ነው ትላለች። ደግሞ... ማለቴ፣ አትቀየሚኝ... ድራማው ላይ አባትሽ ልክ እንዲህ ነበር ያደረገው። ልጁን በመጀመሪያው ቀን ሰጠ፣ አለቀሰ፣ ከዚያ ልጁን ያገባውን ሰውዬ በሐሰት አሳሰረው። ጋሽ ቤዛብሕ ሲነግራት እማዬ በቃ፣ ትርኢት ሠራብን፣ ቀለደብን አለች። ትንሽ እንቆይ።»

ቤዛዊት ቃል በቃል ለአባቷ ነገረችው። ስብሐት ያን ትዕይንት ከናካቴው ረስቶታል፤ ስንቱን ያስታውስ? እሱ ሠርቶ ይረሳል፣ ሰው አይቶ አይረሳም። «እንቆይ» ማለት ደግሞ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም።

ቅዳሜ ጠዋት ለማንም ሳይነግር ዊንጌት ሄደ። የሴት አባት ወንዱ ቤት ደጅ ሲጠና ታይቶ አይታወቅም፤ ማሚቴ ብትሰማ ከታክሲ ላይ ጎትታ ታወርደው ነበር። ወይዘሮ ደሳለች የሚኖሩት ብዙ ተከራይ ባለበት ግቢ ነው፤ ሴቶች ልብስ ያጥባሉ፣ ወጣቶች ደረጃ ላይ ስልካቸውን ይነካካሉ። ስብሐት በሩ ላይ ቆመና፣ እንደ ድሮ ይቅርታ ጠያቂ፣ ከአጥሩ ሥር ትልቅ ድንጋይ አንሥቶ ማጅራቱ ላይ አደረገ። እየተንገዳገደ ግቢውን አቋርጦ ወይዘሮ ደሳለች ደጃፍ ላይ በጉልበቱ ወደቀ።

ሴትየዋ ክራቸውን እንደያዙ ወጡ፤ ጥጥ ሲፈትሉ ነበር። «በስመ አብ!» አሉ።

«እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም» አላቸው። «እንጀራዬ ነበር እንጂ ክፉ ሰው አይደለሁም። ልጄ ምን አጠፋች? እኔን ጥሉኝ። ሰርጋቸው ላይ አልገኝም፤ ቤታቸው አልደርስም፤ ልጅ ሲወልዱ ስሙን አልጠይቅም። አባቷ ሞቷል በሉ። እሷን ብቻ ተቀበሉልኝ።» ይህን ሲል ተንሰቀሰቀ። እንደዚያ ያለቀሰው በሕይወቱ ስንቴ ይሆን? ንፍጡና እንባው አንድ ሆኖ ጺሙ ላይ ወረደ።

ወይዘሮ ደሳለች እናት ናቸው፤ ልባቸው ራራ። ዓይናቸው እርጥብ አለ። ጎንበስ ብለው ድንጋዩን ሊያወርዱለት እጃቸውን ዘረጉ። ማርያምን፣ ዘርግተው ነበር!

ያኔ ከደረጃው አንዱ አጨበጨበ። «አቤት ትወና! ጉልላት አንደኛ!» ሌላውም ተቀበለው፤ አጣቢዎቹ ሳይቀሩ የሳሙና እጃቸውን እያራገፉ አጨበጨቡ። ክፋት አልነበረባቸውም፤ እውነት አድንቀውት ነው። ስልክ ሁሉ ወደሱ ዞሯል። ወይዘሮ ደሳለች ዙሪያውን አዩና የዘረጉትን እጅ መለሱ። ሊሞኙ አንድ ጣት እንደቀራቸው ተሰማቸው፤ ፊታቸው ቀላ።

«ይነሡ፣ አቶ ጉልላት» አሉ። «ማልቀስ ያውቁበታል። እኔ ደግሞ ልጄን መጠበቅ አውቅበታለሁ።» ገብተው በሩን ዘጉ። ስብሐት ድንጋዩን የሚያወርድለት ስላጣ ራሱ አወረደው። ሲወጣ አንዲት ወጣት አብሯት ፎቶ እንዲነሣ ለመነችው፤ ተነሣላት።

ቤት ሲደርስ ቤዛዊት ሶፋው ላይ ቁጭ ብላለች፤ ስልኳ ጭኗ ላይ ነው። ቪዲዮው ከሱ ቀድሞ ሽሮ ሜዳ ገብቷል። ኖህም ደውሎላታል፤ ነገሩ መቅረቱ ከፊቷ ይነበባል።

«ለመንኳቸው» አለ፣ ቆሞ።

«አየሁት።»

«ሊሆን ነበር፣ ቤዚ። ትንሽ ነው የቀረው። ያ ማጨብጨብ ባይኖር...»

«አየሁት አልኩህ እኮ፣ አባዬ።» አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለው ነበር። ቀና ብላ አየችው። «አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ እንዳትቀየመኝ። ደጋግሜ አየሁት። እማዬ የሞተች ዕለትም አስከሬኗ ላይ ተደፍተህ ያለቀስከው ልክ እንደዚህ ነበር። ልክ እንደዚህ። ድምፅህም፣ ሁሉ ነገርህም። ያኔ... እውነትህን ነበር?»

ስብሐት አፉን ከፈተ። እውነቴን ነበር ሊላት ፈለገ፤ በእግዜር፣ በመሠረት አጥንት ሊምልላት ፈለገ። ግን ገና ሳይናገር ድምፁ እንዴት ዝቅ እንደሚል፣ ዓይኑ እንዴት እንደሚሞላ፣ «ልጄ» የሚለው ቃል ከአፉ እንዴት እንደሚወጣ ታወቀው። ሌላ አወጣጥ ፈለገ። በዚህ ሁሉ ዘመን ሌላ አልተማረም። ስለዚህ ዝም አለ፣ ፊቱንም ወደ መስኮቱ አዞረ።

ቤዛዊት ትንሽ ጠበቀችው። ከዚያ ዝምታውን መልስ አድርጋ ወሰደችው፤ ተነሥታ ክፍሏ ገባች።