ለመግቢያ የታሰረ ገንዘብ

ማርሊስ ቲቬት የቤተ ክርስቲያኑን ሒሳብ ስትይዝ አንዲት ሳንቲም መንገድ ስታባት አታውቅም። ለጣሪያ የተሰጠ ለጣሪያ፣ ለመዝሙር መጽሐፍ የተሰጠ ለመዝሙር መጽሐፍ ነው። ሰጪው ለአንድ ጉዳይ ያሰረውን ገንዘብ ጉዳዩ ሳይፈጸም ፍቺልን ካሏት ፓስተሩንም አትምርም። «ማርሊስ መንግሥተ ሰማያት ስትገባ ጴጥሮስን ደረሰኝ ትጠይቀዋለች» እያሉ ያሟታል። ሐሜቱን ትሰማለች፤ ደስም ይላታል።

ይህች ሴት ብዕሯን ለሰው የሰጠችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ባሏ ሃርላን የሞተ ጊዜ። በኛ በሚኔሶታ ሰው ሲሞት ቤተሰቡ «አበባ አታምጡ፤ በአበባው ፈንታ ለዚህ ስጡልን» ብሎ ያስነግራል። ማርሊስም ለሊፍት ስጡልን አለች። ልጇ ኩርት ትራክተር ከተገለበጠበት ወዲህ ከዊልቼር አልወረደም፤ ቤተ ክርስቲያናችን ደግሞ ደረጃው አቀበት ነው። ሃርላን ጉልበት እያለው ልጁን አዝሎ ያስገባው ነበር። ከታመመ በኋላ ግን ኩርት መኪና ማቆሚያው ላይ ሆኖ ስብከቱን በሬዲዮ መስማት ያዘ። ሃርላን አልጋው ላይ ሆኖ ለሚስቱ የተናዘዘው አንድ ነገር ነው፦ «ልጁን አስገቢው።»

ሰዉ ሃርላንን ይወድ ነበርና ገንዘቡ መጣ። ደንቡ ግን የራስን ቤተሰብ ገንዘብ በራስ እጅ መመዝገብ አይፈቅድም፤ ደንቡን ያወጣችውም ራሷ ማርሊስ ናት። ስለዚህ መዝገቡን ለቦርዱ ጸሐፊ ለአርዴል ገፋ አደረገችላት። አርዴል ከልጅነት ጀምሮ ጓደኛዋ ናት፤ ሠርጓ ላይ ሚዜዋ፣ ሐዘኗ ላይ ደጋፊዋ ነበረች።

«ለምን ጉዳይ ልበል?» አለቻት አርዴል።

«ኩርት እንዲገባ» አለች ማርሊስ፤ ከዚያ በላይ እንባዋ አላስኬዳትም።

አርዴል «ለመግቢያ» ብላ ጻፈች። ማርሊስ አየችው። ሌላ ሰው ቢጽፈው ኖሮ «የምን መግቢያ?» ብላ ታፋጥጠው ነበር። የአርዴል እጅ ነው ብላ አለፈችው።

ማርሊስ ጉልበቷን ቀዶ ሕክምና አድርጋ ከወራት በኋላ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትመለስ በረዶው ቀልጦ ነበር። መኪናዋን አቁማ ቀና ስትል ከደረጃው አናት ላይ አዲስ በር ቆሟል፣ ወፍራም እንጨት፣ የናስ እጀታ። ክው አለች። በምርኩዟ እያነከሰች ወጣችና አርዴልን ቢሮ ውስጥ አገኘቻት።

«ያምራል» አለች ማርሊስ። «በማን ገንዘብ ነው?»

«ደስ ይበልሽ ብለን ነው እኮ። በሃርላን ስም ነው የተሠራው። ለመግቢያ ታስሮ የነበረው ተፈታ።»

«ያ የሊፍት ገንዘብ ነው።»

«ጽሑፉ መግቢያ ነው የሚለው። በር መግቢያ አይደለም እንዴ?»

«ጽሑፉን የጻፍሽው አንቺ ነሽ አርዴል። ለማን እንደሆነ ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ።» አርዴል ቀና አላለችም። «ግን ገንዘቡ ለሊፍት ግማሹን እንኳ አይሞላም። አሮጌው በር ደግሞ ንፋስ እያስገባ በብርድ ጨረሰን፤ ሙሽሮች ሳይቀሩ ሠርጋቸውን ካቶሊኮቹ ጋ መውሰድ ጀመሩ።»

«ይፈታ ብሎ ሐሳቡን ያቀረበው ማን ነው?»

አርዴል የጠረጴዛውን ወረቀቶች መደርደር ያዘች።

«ማን ነው አልኩሽ።»

«እኔ ነኝ። አንቺ በሌለሽበት ይወሰን ያልኩትም እኔ ነኝ። ብትኖሪ ታለቅሺ ነበር።»

«አላለቅስም ነበር። እምቢ ነበር የምለው።»

«ማርሊስዬ፣ ኩርትም እኮ መኪናውን ለምዶታል።»

ማርሊስ ያቃጠላት ገንዘቡ አይደለም፤ ይህች ቃል ናት። ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ የሚባለው ለካ እንዲህ ሲሆን ነው። ፓስተር ሊንድ ዘንድ ሄዳ ነገረችው። እሱም አንገቱን እየደፋ «የቦርዱ ድምፅ ነው፤ ጽሑፉም ይፈቅዳል» አላት። ጽሑፉማ ይፈቅዳል። ገንዘብ የሚፈታው በተጻፈው ቃል ነው ብላ ያስተማረቻቸው እሷ ራሷ ናት። ቤቷ ሄዳ ሸክላ ሳህኖቿን ሁሉ ያለ ምክንያት አጠበች።

እሁድ በሩ ተመረቀ። ከመቃኑ ጎን የናስ ሰሌዳ ተሰቅሏል፦ «ለሃርላን ቲቬት መታሰቢያ። ሁሉም ይግባ።» ሰዉ እያጨበጨበ ገባ። ኩርት ታች መኪናው ውስጥ ሬዲዮውን ከፍ አደረገ።

የመባ ፖስታችን ላይ «ለምን ጉዳይ» የሚል ባዶ መስመር አለ። አብዛኛው ሰው ዝም ብሎ ያልፈዋል። ማርሊስ ግን መስመሩ ስላልበቃት ወደ ጀርባው ዞራ ጻፈች።

ከአምልኮ በኋላ መባውን የሚቆጥሩት ዝምድና የሌላቸው ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ የተጻፈውን ጮክ ብሎ ያነባል። ተረኞቹ አርዴልና ሽማግሌው ግሌን ነበሩ። ማርሊስ እንደ ወትሮዋ በሚቀጥለው ክፍል ሆና ትጠብቃለች። በሩ ገርበብ ብሏል።

«ለኩርት ቲቬት» ብላ ጀመረች አርዴል፤ ድምፅዋ ወረደ። «ከነዊልቼሩ ከታች ወደ ላይ ለሚያወጣው ሊፍት ብቻ። ለበር አይሆንም። ለደረጃ አይሆንም። ለመግቢያ አይሆንም።»

«ስንት አለበት?» አለ ግሌን።

«አንድ ዶላር።»

«በአንድ ዶላር ምን ይደረጋል?»

ማርሊስ በሩን ገፋ አድርጋ ገባች። «ይታሰራል» አለች። «ሊፍቱ እስኪቆም አይፈታም። እስከዚያ በየወሩ ቦርዱ ፊት ከሒሳቡ ጋር ይነበባል። ጸሐፊዋ ናት የምታነበው።»

«በየወሩ?» አለች አርዴል። ዓይኗ እንባ ሞልቷል። «ማርሊስ፣ ይኼን ሁሉ ዘመን...»

«የራሴን ገንዘብ በእጄ አልጽፍም፤ ደንብ ነው። አንቺ ነሽ የምትጽፊው። አሁን ግን ያልኩሽን ቃል በቃል ጻፊ።»

መዝገቡን ፊቷ አስቀመጠችላትና ወጣች። አዲሱ በር ከባድ ነው፤ በትከሻዋ ገፍታ ከፈተችው። ደረጃውን በምርኩዟ ቀስ ብላ ወረደችና መኪናው ውስጥ ገባች።

ኩርት ሬዲዮውን አጠፋ። «በሩ እንዴት ነው እማዬ?»

«የአባትህ ስም አለበት።»

«ከስሙ ሥር ምን ይላል?»

ማርሊስ ቀበቶዋን አሰረች።

«ከዚህ አይነበብም» አለችው።