ከኋላ የምትከፈት መኪና

«ይህቺ መኪና መሪ የላትም» አለ ብሎን፣ ማጉያ መነጽሩን ከፎቶግራፉ ላይ ሳያነሳ።

«መሪ የሌላት መኪና የት አይተህ ታውቃለህ? ደህና አድርገህ እይ እንጂ!» አለው ወዳጁ።

ብሎን ዕድሜውን ሙሉ አሮጌ መለዋወጫ ሲሸጥ የኖረ ሽማግሌ ነው፤ ቅጽል ስሙም የወጣለት ከዚያው ነው። ፎቶግራፉን ያመጣው ደግሞ ወዳጁ ባትላሜራው ነው፤ የተጨረማመተ የመኪና ቆርቆሮ እየቀጠቀጠ ሲያቃና እሱም ስድሳዎቹን ሊጨርስ ተቃርቧል። እናቱ አልጋ ላይ ናቸው። ሐኪሞቹ ወደ ቤት ውሰዷቸው ካሉ ወዲህ፣ ቤት ውስጥ ያለችውን ብቸኛ የአባቱን ፎቶግራፍ አሳድጎ ፊት ለፊታቸው ሊሰቅልላቸው ቆርጦ ተነሥቷል። የፎቶግራፉን የታችኛውን ክፍል ግን እርጥበት በልቶታል። ፎቶ ቤቱ «የመኪናዋን ዓይነት ንገረኝና የጎደለውን እሞላዋለሁ» አለው።

በፎቶግራፉ ላይ አንዲት ድብልብል ያለች ትንሽ መኪና ትታያለች። በሰፊው መስታወት በኩል አንድ ወጣት ፊት ለፊት ይመለከታል፤ ከትከሻው ኋላ የሌላ ሰው ጭንቅላት ብቅ ብሏል።

«አባትህ በገዛ መኪናው ሊወስደን የመጣ ዕለት ጎረቤት ያነሳው ነው። ምን ያደርጋል፣ ሞት ቀደመው» ይሉት ነበር እናቱ። እሱም በዚህ ወሬ አደገ፤ ሥራውን እንኳ የመረጠው በዚያች መኪና ፍቅር ነው።

ይህን ወሬ የካደች አንዲት ሰው ብቻ ናት፤ ታላቅ እህቱ። «አባባ ሄደ እንጂ አልመጣም። ዞር ብሎ እንኳ አላየንም» ባለች ቁጥር ከእናቷ ቁንጥጫ፣ ከወንድሟ ስድብ ጠግባ ኖረች። በመጨረሻም በዘመድ ሠርግ ላይ ሰው ፊት «ውሸታም!» ብሎ ጮኸባት። ከዚያ ወዲህ እናቷ ቤት ደጃፍ ደርሳ አታውቅም፤ መታመማቸውንም የሰማችው ከሰው ነው።

ብሎን እያቃሰተ ተነሣና ከመደርደሪያው አቧራ የጠጣ የውጭ አገር መጽሔት አወረደ። ገጹን ሲያገላብጥ ቆይቶ አንዱ ሥዕል ላይ ጣቱን አሳረፈ። ያችው ድብልብል መኪና ነበረች።

«ዙንዳፕ ያኑስ። ጀርመን ናት። ፋብሪካው ሞተር ሳይክል ሠሪ ነው፤ ከጦርነቱ በኋላ ሰው ርካሽ መኪና ሲፈልግ እሷን ሞከረ፤ ግን ብዙም አልገፋበትም። በጎኗ በር የላትም፤ አንዱ በር ከፊት፣ ሌላው ከኋላ ነው፤ ፊቷና ኋላዋ በቀላሉ አይለይም። ከኋላ የሚቀመጠው ሰው ለሾፌሩ ጀርባውን ሰጥቶ፣ የመጣበትን መንገድ እያየ ነው የሚሄደው።»

ባትላሜራው መነጽሩን ነጠቀው። ዕድሜ ልኩን ይህን ፎቶግራፍ ሲያይ ያየው ቆርቆሮውን ነበር፤ የት ጋ እንደሚጎብጥ፣ ቢጨረመት ከየት ጀምሮ እንደሚያቃናው። የሰውየውን እጆች አስተውሎ አያውቅም። ሁለቱም ጉልበቱ ላይ ናቸው። ከትከሻው ኋላ የሚታየው ጭንቅላትም ፊት የለውም፤ ማጅራት ነው።

«ሾፌሩ» አለ ቀስ ብሎ።

ያገኘው የብረት ሣጥን ላይ ተቀመጠ። አባቱ በሰው መኪና፣ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ እየሄደ ነበር። ሞቷል ሲባል የኖረውን ሰው በዚህ ዕድሜው እንደ አዲስ አጣው፤ እንደ ሕፃንም ሆድ ባሰው።

«ቢሆንም ዓይኑን ከእናንተ አልነቀለም» አለ ብሎን፣ ሊያጽናናው።

«ወንበሩ ወደ ኋላ የዞረ ነዋ! ወዴት ሊያይ ኖሯል?»

ቤት ሲገባ እናቱ ነቅተው ጠበቁት።

«ታወቀ?»

«ታወቀ፣ እማዬ። የጀርመን መኪና ናት።»

«ራሱ ነበር አይደል የሚነዳው?» አሉት። ፎቶግራፉን ሳይሆን የእሱን ፊት ነበር የሚያዩት፤ እንደሚፈሩ አወቀ።

«ራሱ ነበር፣ እማዬ።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። እሱ ግቢ ወጥቶ ስልኩን አወጣ፤ እህቱ ዘንድ ደወለ።

«ሞተች?» አለች ገና ስታነሳው።

«አልሞተችም። እታለም፣ እውነትሽን ነው። ሄዷል። የተቀመጠው ከኋላ ነው፤ ፊቱን ወደ እኛ አድርጎ ነው የሄደው።»

ድምፅዋ ተሰበረ። «እኔ እኮ እማዬ ቀሚስ ውስጥ ተሸጉጬ ነበር። ቀና ብዬ አላየሁትም።»

«ነይ። ብዙ ጊዜ የላትም።»

«መጥቼ ምን ልላት? ዛሬም አፌን ልትዘጋ ነው የጠራኸኝ?»

በተከፈተው በር የእናቱ ሳል ይሰማል። እባክሽ እሷ ፊት ይህን ነገር አታንሺ ሊላት አፉን ከፈተ። ተወው።

«ያሻሽን በያት፣ እታለም» አላት። «ብቻ ነይ።»